ጥላሸት የተቀባ ጥቁር፤ የበርት ዊልያምስ የመድረክ ሕይወት

የካቲት 13 ቀን 1898 ዓ.ም.፣ ማለት የአድዋ ድል አሥር ዓመት ሊሞላው አሥር ቀን ሲቀረው፣ በኒው ዮርክ ከተማ ማጀስቲክ በተባለው ቴአትር ቤት ‹አቢሲንያ› የሚል ስም ያለው የዘፈን ቴአትር ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። በመድረኩ ላይ ገበያ ቆሞ፣ እውነተኞች ግመሎች ገብተው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በተዋናይ ተመስለው ይታዩ ነበር። ተዋናዮቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ከነዚህ ሁሉ ጥቁሮች መካከል ግን ዋናው አስቂኝ ፊቱን በተቃጠለ ቡሽ አጥቁሮ ነበር የወጣው። ስሙ በርት ዊልያምስ ይባላል።

ጥቁር የሆነ ሰው ጥቁር ለመምሰል ጥላሸት የሚቀባው ስለ ምንድን ነው? በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ይዘን የሰውየውን የቴአትር ዘመን ለመመርመር እንሞክራለን። አገራችን በታሪኩ ውስጥ የምትነሣው በአንድ ሥራው ብቻ ነው፤ ቢሆንም ያ ሥራ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ የተዋናዩን ችግር ገልጦ የሚያሳይ ስለ መሰለን በሱ ላይ ጥቂት መቆየታችን አይቀርም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ለማስረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ከ1830ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በዩናይትድ ስቴትስ ‹ሚንስትሬል› የሚባል የመድረክ ጨዋታ ተስፋፍቶ ነበር። ነጮች ተጫዋቾች ቡሽ አቃጥለው፣ ዐመዱን ለውሰው ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ ከንፈራቸውን አስፍተው ይስላሉ፤ ከዚያም ጥቁሩን ሰው ሰነፍ፣ ፈሪ፣ ዶሮ ሰራቂ አድርገው እያሳዩ ሕዝቡን ያስቃሉ። ባርነት በ1865 በሕግ ከቀረ በኋላ ጥቁሮች ራሳቸው የሚጫወቱባቸው ጓዶች በረከቱ። ተመልካቹ ግን ዐይኑ የለመደው ያንኑ መልክ ስለ ነበር፣ እውነተኛው ጥቁር እንደ ሐሰተኛው ጥቁር ካልመሰለ አያስቅም ተባለ። እነሱም ጥላሸቱን ይቀቡ ጀመር። በቋንቋችን ‹ጥላሸት ቀባው› ሲባል ሰውየውን ስሙን አጠፋው ማለት ነው፤ በአሜሪካ መድረክ ግን ሐረጉ እንደ ቃሉ ይፈጸም ነበር።

ኤግበርት ኦስቲን ዊልያምስ በ1874 በባሃማስ ደሴቶች፣ በናሳው ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በካሊፎርኒያ፣ በሪቨርሳይድ ከተማ አደገ። ቁመቱ ረጅም፣ መልኩ ቀይ ዳማ፣ ጠባዩ ዝምተኛ፣ መጽሐፍ የሚወድ ወጣት ነበር። የደቡቡ ጥቁሮች የሚናገሩት እንግሊዝኛ ለሱ እንደ ባዕድ ቋንቋ ስለ ነበር፣ መድረክ ላይ ለመናገር መማር ነበረበት። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን። ተመልካቾቹ የተፈጥሮው ነው ብለው የሚስቁበት አነጋገርና አካሄድ በትምህርትና በልምምድ የተገኘ ነበር።

በ1893 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከካንሳስ የመጣውን ጆርጅ ዎከርን ተዋወቀ። ሁለቱ አብረው ለአሥራ ስድስት ዓመት ያህል ሠርተዋል። በ1894 በዚያው ከተማ ታላቅ ኤግዚቢሽን በተከፈተ ጊዜ የዳሆሜ ሰዎች ከነመንደራቸው ለትርኢት ሊቀርቡ ታስቦ ነበር። ሰዎቹ ከአፍሪካ በጊዜ ሳይደርሱ ስለ ቀሩ ግን አዘጋጆቹ የአገሩን ጥቁሮች ቀጥረው ‹የዳሆሜ ሰዎች› ብለው አቀረቧቸው። ዊልያምስና ዎከርም ከተቀጠሩት መካከል ነበሩ። እውነተኞቹ አፍሪካውያን ሲመጡ ሐሰተኞቹ ተሰናበቱ፤ ሁለቱ ወጣቶች ግን እየተመላለሱ የእንግዶቹን ዘፈንና ጭፈራ ይመለከቱ ነበር። ዎከር ከዓመታት በኋላ ሲጽፍ፣ አፍሪካን ለመድረካችን ርእስ እናድርግ የሚለው ሐሳብ የተጠነሰሰው ያን ጊዜ መሆኑን ገልጧል።

በመጀመሪያ አስቂኙ ዎከር ነበረ፤ ዊልያምስ ቁም ነገረኛውን ሆኖ ይጫወታል። ነገሩ የተገለበጠው በ1896 ግድም በዲትሮይት ከተማ ነው። ዊልያምስ አንድ ቀን እንደ ዋዛ ፊቱን በቡሽ አጥቁሮ አንድ የቀልድ ዘፈን ቢዘፍን ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እሱ ራሱ በ1918 ለአንድ መጽሔት እንዳስረዳው፣ ራሱን ሌላ ሰው አድርጎ ማየት እስኪችል ድረስ የቀልድ ስሜቱ አልወጣለትም ነበር። እንግዲህ የቡሹ ነገር ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል የገበያው ግዴታ ነው፤ በሌላ በኩል ዐይነ አፋሩ ሰው የተሸሸገበትና ከዚያ ውስጥ ሆኖ በነፃነት የተጫወተበት መጋረጃ ነው። ስለ ዊልያምስ የጻፉት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያያሉ፤ የኛ ምርመራ ግን ሁለቱን መለየት እንደማይቻል አድርሶናል።

በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ገቡ። ለነጮች ተመልካቾች የስድብ ስማችሁ እውነተኞቹ ባለቤቶች እኛ ነን በሚል ማስታወቂያ ይቀርቡ ነበር፤ ነጮቹ ተጫዋቾች በሐሰት የሚጠሩበትን ስም ወስደው ከገበያው ሊያስወጧቸው ነው። ‹ኬክ ዎክ› የሚባለውን ጭፈራ በከተማው ፋሽን ካደረጉት መካከል እነሱ ይጠቀሳሉ። በ1901 ዘፈናቸው በሸክላ ተቀረጸ። ዝናቸው ግን ከአደጋ አላዳናቸውም። በኦገስት 1900 ነጮች በኒው ዮርክ ጥቁሮችን ለመደብደብ በተነሡ ጊዜ ሕዝቡ የታወቁትን ጥቁር ተዋናዮች ስም እየጠራ ይፈልጋቸው እንደ ነበር፣ ከነዚህም መካከል የዊልያምስና የዎከር ስም እንደሚገኝ ደራሲው ጄምስ ዌልደን ጆንሰን መዝግቦታል። ማታ ያጨበጨበላቸው ከተማ ነው።

የመጀመሪያው ታላቅ ሥራቸው በፌብሩዋሪ 1903 በኒው ዮርክ ቴአትር የታየው ‹ኢን ዳሆሜ› ነው። ሙዚቃውን ዊል ማርዮን ኩክ፣ ታሪኩን ጄሲ ሺፕ ደረሱ፤ በግጥሙ ገጣሚው ፖል ሎሬንስ ደንባር ተካፍሏል። በጥቁሮች ተደርሶ በጥቁሮች የተሠራ ሙሉ የዘፈን ቴአትር በዋናው ብሮድዌይ ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። ጥቁር ተመልካቾች ግን በላይኛው ሰገነት ካልሆነ በቀር አይቀመጡም ነበር። ቴአትሩ ለንደን ተሻግሮ በ1903 በቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት፣ በልዑሉ የልደት በዓል ቀን፣ በንጉሡ ፊት ታየ።

አሁን ወደ ‹አቢሲንያ› እንመለስ። ታሪኩን የደረሱት ጄሲ ሺፕና አሌክስ ሮጀርስ ናቸው፤ ሙዚቃው የኩክና የዊልያምስ ነው። ጭብጡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ራስተስ ጆንሰን የሚባል የካንሳስ ሰው ሎተሪ ይደርሰውና ዘመዶቹንና ወዳጆቹን ሰብስቦ የአባቶቻችንን አገር እንይ ብሎ ወደ ኢትዮጵያ ይመጣል። በአጭር አጠራር ጓደኞቹ ‹ራስ› ይሉታል፤ የአገራችንን የማዕርግ ስም የሚያውቅ አንባቢ ቀልዱ ከየት እንደሚነሣ አይጠፋውም። ይህን ሰው የተጫወተው ዎከር ነው። ዊልያምስ ጄንኪንስ የተባለውን ዕድለ ቢስ ወዳጁን ሆነ። ጄንኪንስ በስርቆት ተከሶ ከምኒልክ ፊት ይቀርባል፤ ቅጣቱ እጅ መቆረጥ ነው። ፍርዱ የሚታወቀው በደወል ምት ቁጥር ስለ ሆነ፣ ዊልያምስ እያንዳንዱን ምት እየቆጠረ በፊቱ ብቻ የሚያሳየው ተስፋና ድንጋጤ የቴአትሩ ዋና ጨዋታ ሆኖ ተመስክሮለታል።

ስለ ምን ኢትዮጵያን መረጡ? ለዚህ መልስ ሩቅ መሄድ አያሻም። አፍሪካ በአውሮፓ መንግሥታት ተከፋፍላ ባለቀችበት ዘመን፣ የአንድ አውሮፓ መንግሥት ጦር ድል አድርጎ ነፃነቱን ያጸና ጥቁር ንጉሠ ነገሥት በዙፋኑ ነበረ። የአሜሪካ መንግሥት በ1903 ሮበርት ስኪነርን ልኮ ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል ስለ ተዋዋለ ስማቸው በኒው ዮርክ ጋዜጦች ላይ ይነበብ ነበር። ለዊልያምስና ለዎከር ጓድ እንግዲህ ምኒልክ የጥንት ተረት አልነበሩም፤ በሕይወት ያሉ ንጉሥ ነበሩ። ጥቁር ዳኛ፣ ጥቁር ወታደር፣ ጥቁር ልዕልት በመድረክ ለማቆም ሌላ አገር ፈልጎ ማግኘት ይከብድ ነበር።

የተሠራችው ኢትዮጵያ እውነተኛዋን አትመስልም ብሎ መተቸት ለማንኛችንም ቀላል ነው። ስሞቹ የተደበላለቁ፣ ልማዶቹ ከተጓዦች መጻሕፍት የተቃረሙ ናቸው። ይህን ስሕተት መዘርዘር ግን ከጉዳዩ ያርቀናል። ደራሲዎቹ የፈለጉት ስለ ኢትዮጵያ ማስተማር ሳይሆን ስለ ራሳቸው አንድ ነገር መናገር ነበር፤ ይኸውም የካንሳስ ጥቁር ከዙፋን ፊት ሲቆም ምን ይሆናል የሚለውን ነው። ሌላም አዲስ ነገር ደፍረዋል። በዚያ ዘመን በነጮች ፊት ሁለት ጥቁሮች በመድረክ ላይ በቁም ነገር ሊፋቀሩ አይፈቀድም ነበር፤ የጥቁር ፍቅር ሊሣቅበት እንጂ ሊታመን አይችልም የሚል ያልተጻፈ ሕግ ነበረና። በ‹አቢሲንያ› ግን የዎከር ባለቤት አይዳ ኦቨርተን ዎከር ኢትዮጵያዊት ልዕልት ሆና ስትጫወት፣ ዎከር በፊቷ እንደሚርበተበት አጫ ሆኖ ቀርቧል። ቀልድ ለብሶ የገባ የፍቅር ጨዋታ ነው።

ጋዜጦች ምን አሉ? ተዋናዮቹን አመሰገኑ፤ ወዲያው ግን አንዱ ሐያሲ ነጮች የተሻለ የሚሠሩትን ጥቁሮች ሲኮርጁ ማየት ምን ያስፈልጋል ሲል ጻፈ። ሌላው ደግሞ ሙዚቃው ለነሱ እጅግ የረቀቀ ነው፣ ወደ እርሻ ዘፈናቸው ቢመለሱ ይሻላቸዋል ብሎ መከረ። ቴአትሩ በማጀስቲክ 31 ጊዜ ታይቶ ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደ። የተመካሪዎቹን ፊት ማየት እንዴት በወደድን!

ከ‹አቢሲንያ› ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘው ግን ስለ ኢትዮጵያ ምንም የማይናገር አንድ ዘፈን ነው። ‹ኖባዲ› ይባላል፣ ‹ማንም› ማለት ነው። ግጥሙን ሮጀርስ፣ ዜማውን ዊልያምስ ደረሱት፤ በ1906 በሸክላ ተቀርጾ ብዙ ተሸጧል። አንድ ሰው የደረሰበትን መከራ እየቆጠረ ማን ረዳኝ ይላል፤ መልሱ ሁልጊዜ ማንም የሚል ነው፤ በመጨረሻም እሱ ደግሞ ለማንም ምንም እንደማያደርግ ይምላል። ሸክላውን የሰማ ሰው እንደሚገነዘበው ዊልያምስ ከመዝፈን ይልቅ ይናገራል፤ ከዜማው ወደ ኋላ እየቀረ፣ ቃሉን እየጎተተ፣ ጸጥታውን እንደ መሣሪያ ይጠቀምበታል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ሰሙ ዕድለ ቢስ ቀልደኛ ነው። ወርቁን የሰገነቱ ተመልካቾች ሳያዳምጡት አልቀሩም ብለን እናምናለን። ዘፈኑ ስለ ተወደደለት ሕዝቡ በየመድረኩ ሲያዘፍነው ኖረ፤ ዊልያምስ በኋላ በጣም እንደ ሰለቸው ተናግሯል።

በ1908 ‹ባንዳና ላንድ› የተባለው ሥራቸው ታየ። በጉዞ ላይ ሳሉ በ1909 ዎከር በቂጥኝ ሕመም አንደበቱ እየተያዘ ሄዶ መድረኩን ተወ። ባለቤቱ የወንድ ልብስ ለብሳ የሱን ፋንታ ጨረሰች። በ1911 መጀመሪያ ሞተ። ዎከር የሁለቱ ነጋዴና ተሟጋች ነበር፤ ዊልያምስ ውል ይፈርማል እንጂ አይከራከርም። ሌሎቹም ታላላቅ የጥቁር ቴአትር መሪዎች፣ ኧርነስት ሆጋንና ቦብ ኮል፣ በእነዚሁ ዓመታት ሞቱ። ከዚያ በኋላ እስከ 1921 ድረስ የጥቁሮች የዘፈን ቴአትር ከብሮድዌይ ጠፋ ማለት ይቻላል።

ዊልያምስ ብቻውን ቀረ፤ ብቻውንም ወጣ። በ1910 ፍሎሬንዝ ዚግፌልድ ‹ፎሊስ› በተባለው ዝነኛ ዓመታዊ ትርኢቱ ውስጥ አስገባው። በነጮች ተዋናዮች መካከል በእኩል ስም የቀረበ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ከነጮቹ አንዳንዶቹ ከሱ ጋር አንሠራም ብለው ቢያስፈራሩ፣ ዚግፌልድ ከሱ በቀር ሁላችሁንም መተካት እችላለሁ ብሎ መለሰ ይባላል። ከነጭ ሴት ጋር ብቻውን በመድረክ እንዳይቆም፣ ወደ ደቡብ ክፍለ ሀገሮችም እንዳይሄድ በውሉ ተጠብቆለት እንደ ነበርም ተጽፏል። ‹ተጠብቆለት› ስንል አንድ ሰው ሊደበደብ ወይም ሊሰቀል ይችል ስለ ነበር ነው።

በዚህ ዘመን ሥራው ረቀቀ። ጥቂት አብነት እናንሣ። በባዶ መድረክ፣ አንድ መብራት ፊቱ ላይ አርፎ፣ ሰባራ ኮትና ትልልቅ ጫማ አድርጎ ብቻውን ፖከር ይጫወታል። ካርታ የለም፤ ጠረጴዛ የለም፤ ሌሎች ተጫዋቾችም የሉም። ካርታውን ያድላል፤ የራሱን ገልጦ ያያል፤ ደስታውን ይደብቃል፤ ገንዘብ ይጨምራል፤ ያንዱን ተጫዋች ፊት ይጠረጥራል፤ በመጨረሻ ይሸነፋል። ቃል አይወጣውም። ይህ ጨዋታ በ1916 በተሠራ አጭር ፊልም ውስጥ ስለ ገባ ዛሬም ሊታይ ይችላል። በ1911 ደግሞ ከሊዮን ኤሮል ጋር ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ፣ ገና በመሠራት ላይ ባለው የባቡር ጣቢያ ብረቶች ላይ ነጩን መንገደኛ በገመድ አስሮ ሲመራ ይታያል። መንገደኛው በተንሸራተተ ቁጥር ያወጣዋል። ጉርሻው አምስት ሳንቲም መሆኑን ከሰማ በኋላ ግን ገመዱን ይለቀዋል! ቤቱ በሳቅ ይሞላል። አንድ ጥቁር በ1911 ነጭን ከከፍታ የሚጥልበት ሌላ መድረክ መኖሩን አላገኘንም፤ ይህም ሊፈቀድለት የቻለው ጥላሸቱ ስለ ሸፈነው ነው።

ከመድረክ ውጭ የነበረው ኑሮ ሌላ ነው። በትርኢቱ ከሱ ብዙ የተማረው ኤዲ ካንተር እንደሚያወራው፣ ዊልያምስ በሚያርፍበት ሆቴል በኋላ በር ገብቶ በዕቃ አሳንሰር ይወጣ ነበር፤ የሕዝቡ ጭብጨባ ገና በጆሮው እያቃጨለ መሆኑ ነገሩን ያከብድበት እንደ ነበርም ነግሮታል። በ1919 ተዋናዮች አድማ ሲመቱ የነገረው ሰው አልነበረም። ልብሱን ለብሶ፣ ጥላሸቱን ተቀብቶ ወደ መድረክ ቢወጣ አዳራሹ ባዶ ነበር። የማኅበሩ አባል አይደለም፤ የባለቤቶቹም ወገን አይደለም። ይህን ያወራው የሥራ ባልደረባው ፊልድስ፣ ካየው ሰው ሁሉ እጅግ አስቂኙ፣ ካወቀው ሰው ሁሉ እጅግ ያዘነው ዊልያምስ መሆኑን መስክሯል። ዳቪድ ቤላስኮ የተባለው ታላቅ አዘጋጅ ቁም ነገር ያለው ቴአትር አብረን እንሥራ ብሎት ሳይሆን ቀረ ይባላል። ያለ ጥላሸት፣ ያለ ቀልድ፣ አንድ ሙሉ የኀዘን ቴአትር ሳይሠራ ሞቷል።

በጥቁሮች ዘንድ ሁለት ፍርድ ተሰጥቶበታል። ቡከር ዋሽንግተን ሰዎችን እያሳቀ ወደ ልባቸው በመግባቱ ለወገኑ ከኔ የበለጠ ሠርቷል ብሎ አመሰገነው። ሌሎች ደግሞ በጥላሸቱ የስድቡን መልክ ሕያው አድርጎ አቆየ ብለው ነቀፉት። እኛ ወደ ነቃፊዎቹ ወገን ለመቆም ስንዳዳ የሚይዘን ያ የፖከር ጨዋታ ነው፤ የሚያስቀው ጥቁርነቱ ሳይሆን መሸነፉ ነውና። ሆኖም ከተመልካቾቹ መካከል ስንቱ ይህን ለይቶ አይቷል ብንባል መልስ የለንም።

በፌብሩዋሪ 1922 ዲትሮይት ውስጥ፣ ጥላሸቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በተቀባበት ከተማ፣ ‹አንደር ዘ ባምቡ ትሪ› የተባለውን ቴአትር እየተጫወተ በሳንባ ምች ታሞ መድረክ ላይ ወደቀ። ሕዝቡ የጨዋታው ክፍል መስሎት ሳቀ። ማርች 4 ቀን በኒው ዮርክ ሞተ፤ ዕድሜው 47 ነበር።

ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ነገር ተገኘ። በ1913 ባዮግራፍ ኩባንያ በዊልያምስ ዋና ተዋናይነት አንድ ፊልም አንሥቶ ሳይጨርሰው ጥሎት ነበር። ያልተቆረጠው ፊልም በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ተቀምጦ ቆይቶ በ2014 ለሕዝብ ታየ። በዙሪያው ያሉት ጥቁር ተዋናዮች ጥላሸት አልተቀቡም፤ በጥሩ ልብስ አጊጠው ኬክ ዎክ ይጨፍራሉ፤ በፈረስ መዘውር ላይ ተቀምጠው ይዞራሉ። ዊልያምስ ብቻ ጥቁር ቅባቱን እንደ ተቀባ ነው። በመጨረሻው ላይ ኦዴሳ ዋረን ግሬይ የተባለችውን ተዋናይት እስከ ቤቷ በር ሸኝቶ ይስማታል።